ትኩስ ሞላ ሸጡልኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ ቅደም ተከተሉ ቢዛባብኝ ይቅርታ። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደሴ ውስጥ ካለ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ እየተሳቀብኝ ወጣሁ። በአንድ እጄ የተሰበረ ሞላ (የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት) የያዘ ማዳበሪያ፣ በሌላው እጄ ሸሚዝ ይዤ ነበር። ወደ ሸሚዙ ነገር እመለስበታለሁ።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ደረሰኝ የሌለው ሰው ስም ቢጠራ ተከሳሹ ራሱ ይሆናል። ደግሞስ ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ሰውየውን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ሾክ አብዞርበሮች እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ የተሰቀሉበት ነው። ዋጋ ስትጠይቁት መልስ ከመስጠቱ በፊት አንገቱን አስግጎ መኪናችሁን ያያል። «ለሌላ ሰው አሥራ ሁለት ሺህ ነው፤ ለእርስዎ ግን» ብሎ ይጀምራል። ለእኔ በማርያም ማለልኝ፤ ከእኔ ቀጥለው ለገቡት አዛውንት ደግሞ በአላህ ሲምል ሰማሁት። ወሎ ተከባብሮ መኖሩ ለዚህም ሰው ጠቅሞታል።

መኪናዬ ኮሮላ ናት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነውና ሀረጎን በየቀኑ እወርዳለሁ፤ በየቀኑ እወጣለሁ። መንገዱን ለምታውቁት አልነግራችሁም። ለማታውቁት ግን፣ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መንገድ ነው። በክረምት ጉም ይሞላዋል፤ ከፊትም ከኋላም ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ሲወርዱ ፍሬን በያዙ ቁጥር የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ሞላዎች ናቸው።

ከሁለት ወር በፊት ከግራው የፊት ጎማ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ጀመረ። እኔም ብልህ ነኝና የካላማዳሪያ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ሞላው ላይ ጠቅልዬ በሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ድምፁ ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ያህል ራሴን እንደ መካኒክ ቆጠርኩ። ከዚያ መኪናዋ በግራ በኩል ዘመም አለች፤ እውነተኛው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና የሞላው የታችኛው ጫፍ ተሰብሯል አለኝ። ጥንዱን አንድ ላይ ቀይር፣ አንዱ ደካማ አንዱ ጠንካራ ከሆነ መኪናዋ አትቀናም አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። የቀረው የእኔ ድርሻ መግዛት ብቻ ነበር።

ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ የጦሳ ተራራን ውጦ ከተማው ላይ ተኝቷል። ደሴ ፀሐይ ካየች አራተኛ ቀኗ ነው። አደራ፣ ይህችን ፀሐይ ያዙልኝ።

«የኮሮላ የፊት ሞላ፣ ጥንድ» አልኩ።

«አለ ጋሼ። ያገለገለ ነው፤ ግን ከጃፓን መኪና ላይ የተፈታ ነው። አዲስ ተብሎ ከሚሸጠው በስንት እጁ ይሻላል።»

በዘጠኝ ሺህ ብር ተስማማን። «በደረሰኝ ይሁን ወይስ ያለ ደረሰኝ?» አለኝ፤ አጠያየቁ ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር እንደሚባለው ነው። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ 1,350 ብር ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ አልኩ። እኔ እኮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ! ደረሰኝ ያላያያዘ ሠራተኛ ቢሮዬ ሲመጣ ፊቴን አጥቁሬ የምመልስ፣ በዚህም ጠባዬ በመሥሪያ ቤቱ የተጠላሁ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን 1,350 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ሰውየው አንድ ልጅ ጠርቶ «ከመጋዘን አምጣ» አለው። መጋዘን ያለው ከሱቁ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ ቤት ነው። ቡና ታዘዘልኝ። አንዱን ስኒ ጠጣሁ፤ ሁለተኛው መጣ። ከጀርባ የግራይንደር ጩኸት ይሰማል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማያዊ ብልጭታ ብቅ ጥልቅ ይላል። አጠገብ በርና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው አልኩ ለራሴ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ከመደርደሪያ ለሚወርድ ሞላ አርባ ደቂቃ ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኩም። ቡናው ጥሩ ነበር።

ልጁ ሁለቱን ሞላዎች ይዞ መጣ። አንዱን በባዶ እጁ፣ ሌላውን በጨርቅ ይዞታል። ተቀበልኩት። የመጀመሪያው እንደ ደሴ ጠዋት የቀዘቀዘ ነው። ሁለተኛው ላዩ ቀዝቃዛ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ግን ሞቅ ይላል። እንደያዝኩት የቡና ስኒ።

«ይሄኛው ለምን ሞቀ?» አልኩት።

ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ፀሐይ ላይ ውሎ ነው ጋሼ» አለኝ።

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በእውነት አየሁ፤ አሁንም ጉሙ ዓይኔ ላይ አለ። በሩ ፊት አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ታልፋለች። ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የሞላው ጫፍ መዳፌ ላይ እየሞቀኝ ነው። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሐሰቱ በጣም ትልቅና በጣም ቀሊል ሆኖ ሲቀርብ ሰው መከራከር ያፍራል መሰለኝ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ክረምቱን በጋ ነው ሲላችሁ፣ ሌላ ያላወቅኩት ነገር ይኖር ይሆን ትላላችሁ።

ሞላውን ሳስቀምጥ አውራ ጣቴ ጥቁር ሆኗል። «ይህስ?» አልኩ ጣቴን አሳይቼ።

«የፋብሪካ ቅባት ነው። ዝገት እንዳይበላው ይቀቡታል።» ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኸ፤ «አንተ! ለጋሼ ውሃና ሳሙና አምጣ!»

ልጁ መጣ። በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሠርግ ቤት እንደተጠራ እንግዳ እጄን አስታጠበኝ። ፈተግ ፈተግ አደረግኩ። ጥቁሩ እየቀጠነ ወርዶ በድንጋዩ መካከል ሄደ። ሳሙናው ደግሞ መዓዛ ነበረው። ስጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ማስረጃዬን በእነሱ ሳሙና አጥቤ በእነሱ ውሃ አፍስሼ አመሰገንኳቸው። ከዚያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ ካጠፋሁት ገንዘብ ሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ ምስጋና ነው።

ገጣሚያቸው በ1,200 ብር ገጠመልኝ። «አሮጌዎቹን ይወስዷቸዋል ወይስ እንጣልልዎት?» አለኝ ልጁ። «ጣሉልኝ» አልኩና ሃምሳ ብር ጉርሻ ሰጠሁት። ማታ ባለቤቴ የሸሚዜን እጅጌ ይዛ «ይህ ቀለም ከየት ነው? አልለቅ አለኝ» አለች። የፋብሪካ ቅባት ነው አልኳት። «ቅባትማ በኦሞ ይለቃል» አለች። ተቆጣኋት።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ነዳሁ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ድምፅ የለም። ሥራ ቦታ ለሁለት ሰው ሱቁን ጠቁሜያለሁ። ሁለቱንም ዛሬ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አንደኛው ደግነቱ ገና አልሄደም ነበር።

ትናንት ረቡዕ እናቴን ሀርቡ ለቅሶ ላደርሳት ተነሣን። ሀረጎን እየወረድን ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ከፊቴ የጭነት መኪና አለ። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ክብደቱ ሁሉ በግራው የፊት ጎማ ላይ ወደቀ። ፍሬን ነካ ሳደርግ «ጓ!» አለ። ከዚያ የሚፋጭ ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። እናቴ ከኋላ «ኧረ ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» እስክትል መሪው ወደ ግራ ጎተተኝ። ወደ ግራ ማለት ሽቅብ የሚመጣው መኪና ወዳለበት ማለት ነው። ፍሬኑን አልረገጥኩም፤ መሪውን በሁለት እጄ ጠብቄ ይዤ በማርሹ እያቀዘቀዝኩ ዳር አስያዝኳት። ከላይ የሚመጣ አንድ አይሱዙ እየጮኸ በአጠገባችን አለፈ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳትንቀሳቀስ ቀረች። ሀርቡ ሌላ ለቅሶ ልንጨምር ነበር።

ወርጄ ጎማውን አየሁት። ተኝቷል፤ ግን ከውጭ በኩል አንድ ጭረት እንኳ የለውም። ሚስማር ነው ብዬ ፈለግኩ። የለም። ክሪክ አስገብቼ በስኮርታው (በመጠባበቂያው ጎማ) ቀየርኩና ኮምቦልቻ እንደ ዔሊ ገባን።

ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጎማውን ገልብጠው የውስጠኛውን ጎን አሳዩኝ። ከጎኑ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቅድ አለ፤ ሽቦና ክሩ እንደ አንጀት ወጥቷል። «ልጄ፣ ይህንን ሚስማር አይሠራውም። ሞላህን አይተኸዋል?» አሉኝ። በባትሪ ወደ ውስጥ አበሩ። የሞላው የታችኛው ጫፍ ተሰብሮ ከመቀመጫው ወርዷል፤ ስለታሙ ጫፍ ከጎማው ጋር ተሳስሟል። ጎማው በዞረ ቁጥር እንደ ሞረድ ላይ ቢላ ሲፋጭ ቆይቷል ማለት ነው።

አስፈቱትና ስባሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቁት። ከስሩ የብየዳ እብጠት ወጣ፤ በግራይንደር ተስተካክሎ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ። «ተሰብሮ የነበረ ሞላ ነው፤ ጫፉን መልሰው በይደውታል» አሉኝ። ሞላ እንደ በር ብረት አይደለም ብለው አስረዱኝ። በእሳት ጠንክሮ፣ በልክ ተመልሶ ለስልሶ የተሠራ ብረት ነውና ብየዳ ሲነካው ያ ልኩ ይጠፋል፤ አንዱ ቦታ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፣ አጠገቡ ይለሰልሳል። በደልዳላ መንገድ ጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በሀረጎ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። እንዲያውም ጎበዝ ነው።

የጎማው ነገር ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ሰኔ ላይ በ11,500 ብር የገዛሁት አዲስ ጎማ ነበር። ስገዛው እንዴት እንደተጠነቀቅኩ! ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጌ «4624» የሚለውን አንብቤ፣ በፈረንጆች 2024 በ46ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ብዬ ለሻጩ ሳይቀር አስተምሬዋለሁ። ጎሚስታው ሊለጥፉልኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። መሬት የሚረግጠው ፊቱ ቢበሳ ይለጠፋል፤ ጎኑ ግን ቀጭን ነው፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ የተቀደደ ጎን አይጠገንም። ሌላ ቦታ «እንለጥፍልሃለን» ቢሉህ አትስማ አሉኝ። ጎማው አሁን በረንዳዬ ላይ ነው። ልጄ አሸዋ እየሞላችበት ትጫወታለች።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስልኬ ላይ ስለ ሞላ ሳነብ አነጋሁ። ሞላ በብዛት የሚሰበረው ከታችኛው ጫፍ አካባቢ ነው፤ ጭቃ፣ ጠጠርና ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ መቀመጫው ላይ ስለሆነ ቀለሙ ይላጣል፣ ዝገቱ ይቦረቡረዋል፣ ስንጥቁ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ያድጋል። ሰሜን አሜሪካ በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ሞላዎቹ እየዛጉ ተሰብረው ጎማ ሲቀዱ፣ ፎርድ ታውረስ የተባሉትን መኪኖች አስጠርቶ ከሞላው በታች መከላከያ ብረት አስገጥሟል፤ ቢሰበር እንኳ ጫፉ ጎማው ላይ እንዳይወድቅ ነው። እዚያ ሞላ የሚበላው ጨው ነው። እኛ ዘንድ የሚበላው የታወቀ ነው።

ወደ ዛሬው ልምጣ። ሞላውን በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። ሸሚዙንም ይዤ ሄድኩ፤ አዎ፣ ባለ ጥቁር እጅጌውን ሸሚዝ። በሌሊት ሳስበው ጠንካራ ማስረጃ መስሎኝ ነበር። ቀለሙ ከሞላው ቀለም ጋር አንድ ነው፣ ባለቤቴም ምስክር ናት አልኩ። ፀሐይ ሲወጣ የሌሊት ሐሳብ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

ሰውየው ሞላውን አገላበጠ። «ይህ የእኛ አይደለም ጋሼ» አለኝ። ቅዳሜ እዚህ ቡና ጠጥቼ ገዛሁት አልኩ። «ቡና የሚጠጣ ብዙ ሰው ነው።» አንተው አይደለህም የሸጥክልኝ አልኩ። «ደረሰኝዎን ያሳዩኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ይህ ነው የሚያናድደው፤ አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፣ ሥራውን ይሠራል። ሸሚዙን ዘረጋሁለት። ይህ የእናንተ ቀለም ነው አልኩ። ሸሚዙን አየው፣ ልጁን አየው፤ ያ እጄን ያስታጠበኝ ልጅ «ጋሼ፣ የልብስ ንጽህና መስጫው ከመንገዱ ማዶ ነው» አለ። ወንበር ላይ የነበሩት ሦስት ደንበኞች ሳቁ። ከእነሱ አንዱ ቡና ይዟል፤ ከጀርባም ግራይንደር ይጮሃል። ልነግረው ፈለግኩ። «ወንድሜ፣ ሞላ ነው የምትጠብቀው?» አልኩት። «አይ፣ የሞተር ካንዴላ» አለኝ። ካንዴላ አይበየድም፤ ተውኩት።

ሕግ የተማረ የአጎቴ ልጅ አለ፤ ከሱቁ እንደወጣሁ ደወልኩለት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው አለኝ። ደስ አለኝ። ገዢም ዕቃውን በተመቸው ጊዜ ወዲያው መመርመር አለበት አለኝ። መመርመሩንስ መርምሬያለሁ፤ ሞቃታማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀጥሎ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ ብሎ ጀመረና መሃል ላይ «ለመሆኑ ደረሰኝህስ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ማታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ኪሳራው ይህ ነው፤ ሞላ 9,000፣ መግጠሚያ 1,200፣ ጎማ 11,500፣ ድምር 21,700 ብር። ደረሰኝ ባለማስቆረጤ ያተረፍኩት 1,350 ብር ይቀነስልኝ። አዲስ ሞላና አዲስ ጎማ እስክገዛ በሚኒባስ ነው የምመላለሰው። ዛሬ ጠዋት ሀረጎ ላይ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እግሬ ወለሉን ሲረግጥ አጠገቤ የነበሩት እናት «አይዞህ» አሉኝ።

ምክር የምትሉ ከሆነ አጭር ነው። ያገለገለ ሞላ ካልተቸገራችሁ አትግዙ፤ ከገዛችሁ በተለይ የታችኛውን ጫፍ በሳንቲም ፋቁት፣ ለስላሳ አዲስ ቀለም ካያችሁ ተዉት። መኪናችሁ በአንድ በኩል ከዘመመች፣ ወይም መሪ ስታዞሩ «ቋ» ካለ፣ ካላማዳሪያ አትጠቅልሉ፤ አሳዩት። ጎማችሁን የውስጠኛውን ጎን አልፎ አልፎ በእጃችሁ ዳብሱት። ደረሰኝ አስቆርጡ። ዕቃው ከሞቀም ቡናውን ትታችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ዛሬ ይህንን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም በዋነኛነት ለእሱ ነው። እንጣልልዎት ብለው ያስቀሩት አሮጌው ሞላዬ አልተጣለም። ከሱቁ ስወጣ በሩ ላይ ከተሰቀሉት መካከል አዲስ ጥቁር የተቀባ የኮሮላ ሞላ አየሁ። ጠጋ ስል ልጁ ከፊቴ መጥቶ ቆመ፤ ስለዚህ የእኔው ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ካላማዳሪያውን ያሰርኩበት ሽቦ ከላይ ሁለተኛው ዙር ላይ ክብ ጭረት ፈግፍጎ ነበር፤ ቀለም ቢቀቡትም በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ደሴ ውስጥ ያገለገለ የኮሮላ የፊት ሞላ የገዛችሁ ካላችሁ፣ የግራውን ከላይ ሁለተኛው ዙር ላይ ዳብሱት። ጭረቱን ካገኛችሁት እስኪለወጥ ድረስ በዚያች መኪና ሀረጎን አትውረዱ፤ እኔንም አሳውቁኝ፣ ሸሚዙን ይዤ እመጣለሁ።